እማሆይ ያሸለቡበት አሥራ አንድ ደቂቃ

በ2084 ዓ.ም. በጥር ወር፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ሳጅን ደምመላሽ ከቤቱ ወጥቶ በእግሩ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሲሄድ መንገድ ላይ ያገኙት አርባ ሦስት ሰዎች «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉት።

ሰዎቹ አፋቸውን አልከፈቱም። ያሉት በእነሱ ፈንታ የሚናገሩት የማሽን ወኪሎቻቸው፣ ገጾቻቸው ናቸው። ሳጅኑም የሰማው ጆሮው ላይ ከተንጠለጠለችው ጉትቻ ነው። ጉትቻዋ እንደ ወትሮዋ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ ተብለዋል» እያለች አርባ ሦስት ጊዜ አንሾካሾከችለት። ጣቢያ ሲደርስ በሩ ላይ ሰባት ጀሪካን ትኩስ አጥሚት ተደርድሮ ጠበቀው። የላኩት የባልደረቦቹ ገጾች ነበሩ። ሳጅኑ ጢሙን ዳበሰ፣ ሆዱን ዳበሰ፣ ከዚያም ብርድ ስለነበረ አንድ ኩባያ ቀድቶ ጠጣ።

በዚያ ዘመን ሰላምታ የሰው ሥራ መሆኑ ከቀረ ሃያ ዓመት አልፎት ነበር። በደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ሲተላለፉ መጀመሪያ የሚገናኙት ገጾቻቸው ናቸው። እንዴት አደርክ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ልጆቹስ፣ ጉልበትህን ተሻለህ ወይ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ይህ ሁሉ ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ያልቃል። ጉትቻዋ «ሰላም ተባብለዋል» ትላለች። ሰዎቹ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፋሉ። ለቅሶ የሚደርሰው ገጽ ነው። ይቅርታ የሚጠይቀው ገጽ ነው። ዳቦ ቤቱም፣ ባጃጁም፣ የመኖሪያ ቤት በርም የሚያውቁት ሰውን ሳይሆን ገጹን ነው። ጊዜ ይቆጥባል ተብሎ ነበር የተጀመረው፤ በእርግጥም ቆጠበ። የተቆጠበው ጊዜ የት እንደገባ ግን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

የቀበሌ ሰባት ነዋሪዎች ስድስት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። የሁሉም ገጽ ያለው በአንድ ሰርቨር ላይ ነው። ሰርቨሩ የሚገኘው ጉም በሚባለው የገጽ ማስተናገጃ ድርጅት ውስጥ፣ አራተኛው ክፍል ነው። ድርጅቱ ደብረ ብርሃን ላይ የተሠራው ለብርዱ ሲባል ነው፤ ሰውን የሚያንቀጠቅጠው ውርጭ ለማሽን ሲሳይ ነውና። ይህ ሰርቨር ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ጠፍቶ አያውቅም። ከክፍሉ አይወጣም፣ አያንቀላፋም፣ ሌት ተቀን ያለማቋረጥ ያጉተመትማል። ስለዚህ ሠራተኞቹ «እማሆይ» የሚል ስም አወጡለት፤ በአንቱታም ይጠሩት ጀመር።

የእማሆይ ጠባቂ ትርንጎ መኩሪያ ትባላለች። የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሲጨንቃት ሳቅ የሚያመልጣት። በዚያች ሰኞ ጠዋት ወደ ክፍሉ ገብታ እንደ ልማዷ «እማሆይ እንዴት አደሩ?» ስትል፣ በማሳያው ላይ ያቺው የለመደቻት ቢጫ ጽሑፍ ጠበቀቻት። «ማስጠንቀቂያ፦ እየሠራ ያለው ከርነል 14.2፤ የሚጠበቀው ከርነል 19.7። አይመሳሰሉም።»

ከርነል የማሽኑ እምብርት ነው፤ ሌላው ሁሉ እሱን ተደግፎ ይቆማል። አዲስ ከርነል በየጊዜው ይመጣል፣ ዲስክ ላይም ይጫናል። ማሽኑ ጠፍቶ ካልበራ ግን አሮጌው ከወንበሩ አይነሳም። ትርንጎ ይህን ማስጠንቀቂያ ለስድስት ዓመት በየጠዋቱ አንብባለች። በየጠዋቱም ለአለቃዋ አስተላልፋለች። በየጠዋቱም «ታይቷል» የሚል መልስ አግኝታለች።

ዛሬ ግን ከቢጫዋ ጽሑፍ ሥር ቀይ ጽሑፍ ነበረ። እሑድ ዕለት የሰላምታ ሞጁል፣ ለማን ምን እንደሚባል የሚወስነው የፕሮግራም ክፍል፣ አፕዴት ተደርጓል፤ አዲሱ ሞጁል የተሠራው ለአዲሱ ከርነል ነው፤ አሮጌው ከርነል ሊያነበው አልቻለም። ትርንጎ ጽሑፉን አንብባ ሳትጨርስ ስለ ሳጅኑ አጥሚት ሰማች። ቀጥሎ ደግሞ ስለ አንድ ሙሽራ። ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ ሙሽሪት ቤት ሲደርስ ዘመዶቿ ሁሉ «ነፍስ ይማር» ብለውታል። ሳቋ አመለጣት። አፏን በእጇ ይዛ እየሳቀች ሳለ ሦስተኛው ወሬ መጣ። ባለፈው ቅዳሜ ባላቸውን የቀበሩት ወይዘሮ ስህን፣ ከጠዋት ጀምሮ ሁለት መቶ ጊዜ «እንኳን ደስ ያለሽ፤ አብሮ ያስረጃችሁ» ተብለዋል።

ትርንጎ መሳቋን አቆመች። ተነስታ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄደች።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ጌጡ ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ በሕይወታቸው አንድም ነገር አጥፍተው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ መብራት እንኳን።

«ማስጠንቀቂያ እኮ ማስጠንቀቂያ ነው» አሉ። «ስህተት ቢሆን ኖሮ ስህተት ይባል ነበር።»

«አሁን ስህተት ሆኗል፣ አቶ ጌጡ። ቃሎቹ አልጠፉም። ለማን እንደሚባሉ ነው የጠፋው። እማሆይን አጥፍተን ማብራት አለብን።»

«ማጥፋት?»

«ማጥፋትና ማብራት።»

«ማብራቱን ተረድቻለሁ። የኔ ጥያቄ ያ የመጀመሪያው ላይ ነው።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ተመልሰው ባይነሱስ? ስድስት ሺህ ሰው ያለ ገጽ ሲቀር ምን ይሆናል? በሩን ማን ይከፍትለታል? ማን መሆኑን ማን ይነግረዋል? አይ፣ አይሆንም፣ ወይዘሪት ትርንጎ። ለበላይ እንጻፍና መልስ…»

ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ቀጥ አሉ። እጃቸው ወደ ጆሯቸው ሄደ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ምነው? ምን አለችዎ?» አለች ትርንጎ።

«ነፍስ ይማር ተብለዋል፣ አለችኝ።» ብዕራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «ከከንቲባው ጽሕፈት ቤት።»

ፈቃዱን እዚያው ፈረሙ።

እንደ መመሪያው አጥፍቶ ማብራት አሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ እንዲሆን ተወሰነ፤ ማስታወቂያም ተነገረ። ክሊኒኩ ለብቻው በቆመ መስመር እንዲሠራ ተደረገ። ባጃጆች ዳር ይዘው እንዲቆሙ ታዘዙ። ነዋሪው ማክሰኞ ዳቦ ሲያከማች ዋለ፤ ለአሥራ አንድ ደቂቃ የስድስት ቀን ዳቦ። አንዳንዱ ቤቱ ውስጥ እንዳለ በር እንዳይቆለፍበት ብሎ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ብርድ ልብስ ለብሶ መንገድ ላይ ቆመ። አንዳንዱ ደግሞ መንገድ ላይ እንዳይቀር ብሎ ቤቱ ገብቶ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

አራት ሰዓት ሲሆን ትርንጎ ትእዛዙን ጽፋ ቁልፏን ተጫነች።

የእማሆይ ማጉተምተም ቀስ እያለ ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያም ጸጥ አለ። ትርንጎ ያን ክፍል ጸጥ ብሎ ሰምታው አታውቅም ነበር። የቧንቧ ውኃ ጠብ ሲል ሰማች። ከዚያም ከውጭ ጩኸት ሰማች።

ጩኸቱ ከአንድ አቅጣጫ አልነበረም። ከመንገዱ፣ ከመስኮቱ፣ ከባጃጅ ተራው፣ እንደ ጎርፍ እየሞላ መጣ። ሰው ተነስቷል፣ በሩን ሊሰብሩ ነው ብላ ወንበር ላይ ወጥታ በትንሿ መስኮት ተመለከተች።

ሰዎች ሰላም እየተባባሉ ነበር።

መጀመሪያ የጀመረው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሲገጣጠሙ ጉትቻቸው ዝም አለች፤ ዝምታው አስጨነቃቸው፤ አንዱ «እንዴት ነህ?» ብሎ ፈነዳ። ሌላው «እንዴት ነህ?» አለ። «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ፣ ደህና ነህ?» «ልጆች ደህና?» «ልጆች ደህና፣ ደህና ነህ?» እንዴት እንደሚጀመር ትዝ አላቸው፤ እንዴት እንደሚጨረስ ግን ማንም አያስታውስም። ስለዚህ አልጨረሱም። እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ትከሻ ለትከሻ እየተጋጩ፣ እንደ ተቆለፈ በር ቆሙ። ሳጅን ደምመላሽ አንድ የባጃጅ ሹፌር ጉንጭ ላይ ስድስት ጊዜ ስሞ ሰባተኛውን ይጨምር አይጨምር ሲያመነታ ሹፌሩ ራሱ ጨመረለት። ሙሽራው ሚስቱን ይዞ ከሰው ሰው እየዞረ «ነፍሴን ተምሬያለሁ! ነፍሴን ተምሬያለሁ!» ይላል። በመስኮት ያሉት ከላይ ሆነው ይጮኻሉ፤ «ከታች ያለኸው፣ ባለ ቡናማው ጋቢ! አንተን ነው! እንዴት አደርክ?»

ወይዘሮ ስህንም መንገድ ዳር ቆመው ነበር። አንዲት ወጣት ሴት ወደ እሳቸው ሄደች። ምን እንደሚባል ስለማታውቅ አቅፋቸው ቆመች። ስህን አገጫቸውን ትከሻዋ ላይ አስደግፈው አለቀሱ። ሌሎች ሴቶች መጡና ከበቧቸው።

አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ እማሆይ ማጉተምተም ጀመሩ። በመንገዱ ላይ ስድስት ሺህ ጉትቻ ባንድ ላይ «ሰላም ተባብለዋል» አለች። ሰዎች እጃቸውን ለቀቁ፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። አንዳንዱ አፍሮ፣ አንዳንዱ ደግሞ የጀመረውን ሳቅ ማቆም አቅቶት እየተንፈቀፈቀ ሄደ።

ትርንጎ ከወንበሩ ወርዳ ማሳያውን ተመለከተች።

«ማስጠንቀቂያ፦ እየሠራ ያለው ከርነል 14.2፤ የሚጠበቀው ከርነል 19.7። አይመሳሰሉም።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አቶ ጌጡ በሩን ከፍተው አንገታቸውን ብቻ አስገቡ። ፀጉራቸው ተበጥሮ የነበረው ተንጨብርሯል፤ ጉንጫቸው ላይ የሰው ከንፈር ቀለም አለ።

«ተነሱ?» አሉ።

«ተነስተዋል» አለች ትርንጎ። «ግን ያው ናቸው።»

ይህ የማይሆን ነገር ነው። ማሽን ጠፍቶ ሲበራ አዲሱን ከርነል ይዞ መነሳት አለበት። አዲሱ ከርነል መጫኑን ሦስት ጊዜ አረጋገጠች፤ አለ። ማሽኑ ሲበራ የትኛው ከርነል እንደሚነሳ የሚያዘውን የመነሻ ዝርዝር አየች፤ 19.7 ከላይ ተጽፏል። ሁሉም ነገር በቦታው ነው፤ የማይሠራ ነገር ሁሉ እንደዚህ ነው የሚመስለው። ምሳዋን ሳትበላ ተነሳችና እማሆይን ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ወዳስነሱት ሰው ሄደች።

ጋሽ ዘርጋው ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ከድርጅቱ ጀርባ፣ ከግንቡ ተጠግተው ይኖራሉ። ከአገልግሎት ውጭ በሆኑ የሰርቨር ሣጥኖች ውስጥ አፈር ሞልተው ነጭ ሽንኩርት ያበቅላሉ። ትርንጎ ስትደርስ አረም ሲያርሙ አገኘቻቸው።

«ዘጠኝ ሰው ሳምኩ ዛሬ» አሉ ገና ሳያስቀምጧት። «ዘጠኝ! አንደኛዋን አላውቃትም፤ እሷም አታውቀኝም። ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ የጠወለገው?»

ነገረቻቸው። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። ስለ መነሻ ዝርዝሩ ስትነግራቸው በመሐል እጃቸውን አነሱ።

«ዝርዝሩን ያየሽው የት ነው?»

«መነሻ ከሚለው ፎልደር ውስጥ ነዋ።»

«የትኛው መነሻ?»

«ስንት አለ?»

ጋሽ ዘርጋው ማረሚያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ትርንጎ የሚያለቅሱ መስሏት ደነገጠች። እየሳቁ ነበር።

«ልጄ» አሉ እንባቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ፣ «እማሆይ ሁለት ዲስክ አላቸው። አንድ ትልቅ፣ አንድ እንደ ጥፍር ያለች ትንሽ። ሲነሱ የሚያነቡት ከትንሿ ነው። ያኔ፣ በስልሳ አምስት፣ ስሠራ ማንም እንዳይነካት ብዬ ትንሿን ፈታኋት፤ ሲነሱ ያነቧታል፣ ከተነሱ በኋላ ግን ምንም ነገር አይገባባትም። በኋላ መልሼ አስራታለሁ ብዬ። በኋላ ልጄ ተወለደች ብለው ጠሩኝ፤ እኔም ሮጥኩ።»

«እና?»

«እናማ፣ ትልቁም ላይ መነሻ የሚባል ባዶ ፎልደር ነበር። ስሙ አንድ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የመጣው አዲስ ከርነል ሁሉ እሱ ውስጥ ሲከማች ኖሯል። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ደብዳቤው የሚላከው ወደ ሞክሼው ቤት ነው፤ ባለቤቱ ግን የሚኖረው በሌላው ነው። እማሆይ ትንሿን ሲከፍቱ የሚያገኙት ያንኑ የኔን 14.2 ነው!»

አብረው ወደ ክፍሉ ሄዱ። ትርንጎ ዝርዝሩን ስታወጣ እውነትም ትንሿ ዲስክ ተፈታ ተቀምጣለች። ትልቁ ላይ ባለው ፎልደር ውስጥ ደግሞ አንድም ቀን ያልነቁ ሠላሳ አንድ ከርነሎች ተኝተዋል። ትርንጎም ሳቋ አመለጣት፤ ሁለቱም ማሽኑን ተደግፈው እስኪደክማቸው ሳቁ። ከዚያ ትንሿን አሰሩ፣ 19.7ን ገለበጡባት፣ የመነሻ ዝርዝሩን በእሷ ላይ ጻፉ። ሥራው አራት መስመር ትእዛዝ ነበር። የቀረው እማሆይን እንደገና አጥፍቶ ማብራት ብቻ ነው።

አቶ ጌጡ ይህን ሲሰሙ ይጮኻሉ ብላ ጠብቃ ነበር። እሳቸው ግን «ነገ ጠዋት ይመቻል?» አሉ። ቀጥለውም ወደ ጠረጴዛቸው እያዩ፣ «ሰዓቱን ቶሎ ማሳወቅ አለብን፤ ሰው ሁሉ እየጠየቀ ነው» አሉ።

እውነትም እየጠየቀ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ቀበሌ ሰባት ከሌላ ቀበሌ በመጡ ሰዎች ተጨናነቀ። የእነሱ ሰርቨር ስለማይጠፋ ጉትቻቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተው ነው የመጡት። አንድ ሽማግሌ ከአንኮበር ድረስ የመጡት የጥንት ጎረቤታቸውን ሊስሙ ነው።

አራት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ጋሽ ዘርጋው ከትርንጎ ጎን ቆመው ጠየቋት።

«ትናንት ማንን ሰላም አልሽ?»

«ማንንም። እዚህ ነበርኩ።»

«ማንን ማለት ነበረብሽ?»

የትርንጎ ታላቅ እህት እታገኝ ከዚህ ስድስት መቶ እርምጃ በማይሞላ ቦታ ትኖራለች። ከሰባት ዓመት በፊት የእታገኝ ባል ጋሽ አበጋዝ ሲሞት ትርንጎ በሥራ ላይ ነበረች፤ ለቅሶ የደረሰው ገጿ ነው። እንደ ወጉ ሦስት ቀን ተቀመጠ፣ የሚባለውን ሁሉ አለ። የእታገኝም ገጽ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ መለሰ። ክፉ ቃል አልተነጋገሩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሁለቱ እህትማማቾች ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ገጾቻቸው በየጠዋቱ በፍቅር ይጠያየቃሉ።

ይህን ለጋሽ ዘርጋው በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገረቻቸው።

«አንዲት ቁልፍ ናት» አሉ ሽማግሌው። «እኔ እጫናታለሁ። የረሳሁትስ እኔ አይደለሁ? ሂጂ ውጪ!»

«ባይነሱስ?»

«ስድስት ሺህ ሰው ውጭ ቆሞ እንዳይነሱ እየጸለየ ነው። ሂጂ!»

ትርንጎ እግሬ አውጪኝ ብላ ሮጠች። ደረጃውን ወርዳ ዋናውን በር ስታልፍ ከኋላዋ ጸጥታው ወረደ፤ ከፊቷ ጩኸቱ ተነሳ። በልቧ አሰላች፤ በሩጫ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ያላሰላችው ሰዎቹን ነው።

«እንዴት አደርሽ!» አሏት ሁለት ሴቶች እጇን ይዘው። «ደህና ነሽ? እናትሽስ?» እናቷ ከሞተች አሥር ዓመቷ ነው። «ደህና ናት» ብላ ሮጠች። አራት እርምጃ ሳትሄድ አንድ ዳቦ ጋጋሪ በዱቄት እጁ አቀፋት። እሱን ስታስለቅቅ አንኮበሬው ሽማግሌ ጎረቤታቸው መስላቸው ሳሟት፤ እሷ አለመሆኗን ሲያውቁም አልተጸጸቱም። ከዚያ አቶ ጌጡ ከሰው መሐል ብቅ አሉ።

«ወይዘሪት ትርንጎ! እንዴት አደርሽ!»

«አቶ ጌጡ፣ ጠዋት ተያይተናል እኮ!»

«ተያየን እንጂ መቼ ሰላም ተባባልን? ስድስት ዓመት አብረን ስንሠራ! ባለፈው በጋ አሞሽ ነበር፤ እንዴት ሆንሽልኝ?» እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው ላይ ታች ወዘወዙ። ዓይናቸው በእንባ ሞልቷል።

«ድኛለሁ! እግዚአብሔር ይመስገን!» እየሳቀች እጇን ጎተተች፤ አልለቀቋትም። አምስተኛው ደቂቃ አለፈ። ዙሪያዋን ስታይ ሳጅን ደምመላሽን አየችው። «ሳጅን! ያስለቅቁኝ! እህቴ ጋ መድረስ አለብኝ!»

ሳጅኑ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። ፊሽካውን ነፍቶ ከፊቷ ቀደመ። «መንገድ! መንገድ ልቀቁ! ሰላምታ የረፈደባት ናት!» ሕዝቡ ግራና ቀኝ ተከፈለ፤ ትርንጎ ስታልፍ ከሁለቱም ወገን እጇን እየነካ «አይዞሽ! ድረሺባት!» ይላል። ነጠላዋ ወድቆ ቀረ። እስቃለሁ አልስቅም ሳትል እየሳቀች ሮጠች፤ ሳጅኑም ፊሽካው አፉ ውስጥ እንዳለ እየሳቀ ስለሮጠ ፊሽካው እንደ ወፍ ይንጫጫ ነበር።

እህቷ በር ላይ ስትደርስ ስምንተኛው ደቂቃ አልቋል። በሩ ገጽ የለምና አልተከፈተም። ትርንጎ በቡጢ መታችው።

«ማነው?» አለች እታገኝ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

«ትርንጎ።»

ድምፁ ወደ በሩ ቀረበ። «ገጽሽ ጠዋት መጥቶ ነበር። ደህና አደርኩ ብዬዋለሁ።»

«እሱን ተይው፣ እትዬ። አሁን እኔ ነኝ።»

«ምን ፈልገሽ ነው?»

ትርንጎ በመንገድ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። ግንባሯን በሩ ላይ አሳረፈች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ «ጋሽ አበጋዝ ሞተ አሉኝ» አለች።

«ሰባት ዓመቱ!» አለች እታገኝ።

«ያኔ የሰማው ገጼ ነው። እኔ አሁን ነው የሰማሁት። ወይኔ ጋሼን! ወይኔ ወንድሜን! ብርቱካን እየላጠ ይሰጠኝ የነበረው…»

ማልቀስ ጀመረች፤ ድምፅ አውጥታ፣ መንገዱ እስኪሰማ። ከውስጥም እታገኝ አለቀሰች። በሩን ከሁለት ወገን ተደግፈው አለቀሱ። ከዚያ እታገኝ በሩን ትገፋው፣ ትጎትተው፣ በእግሯ ትመታው ጀመር።

«አይከፈትም! እጀታ የለውም! ምን ዓይነት በር ነው ይሄ!»

«ሰርቨሩ ሲነሳ ይከፈታል፣ እትዬ።»

«ስንት ይቀረዋል?»

«ሁለት ደቂቃ።»

«ማነው ያጠፋው?»

ትርንጎ አፍንጫዋን ጠረገች። «እኛ ነን።»

«ማለት በር ዘግተሽብኝ ነው ልትታረቂኝ የመጣሽው?» አለች እታገኝ። ትርንጎ ሳቋ አመለጣት። እታገኝም «አትሳቂ!» ብላ ሳቀች። ለቅሶውና ሳቁ ተደባልቆ የትኛው የማን እንደሆነ አልታወቅ አለ። ሳጅን ደምመላሽ እንዳይሰማ ፊቱን አዙሮ ቆሞ፣ ግን አንዲት ቃል ሳትቀርበት ይሰማ ነበር።

አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ በሩ ቀጭ አለና ተከፈተ። ጉትቻዎቹ ባንድ ድምፅ «ከእህትዎ ጋር ሰላም ተባብለዋል» አሉ። እታገኝ ከሰባት ዓመት በፊት ትርንጎ ከምታስታውሳት ሸብታለች፣ ወፍራለችም። ጉትቻዋን ከጆሮዋ አወለቀች፤ እጇን ዘርግታ የትርንጎንም አወለቀች። ሁለቱንም ሳጅኑ መዳፍ ላይ አስቀመጠችና «ይያዙልኝ፤ ሲመሽ እወስዳለሁ» አለችው።

በዚያው ሰዓት አራተኛው ክፍል ውስጥ ጋሽ ዘርጋው ማሳያውን በመነጽራቸው ላይ አሻግረው እያዩ ነበር። ከርነል 19.7። ቢጫ ጽሑፍ የለም፣ ቀይም የለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቀበሌ ሰባት ሙሽራው ሙሽራ፣ ሐዘንተኛው ሐዘንተኛ ሆኖ ሰላምታውን አገኘ። ማሽኑ ከእንግዲህ መጥፋት የሚያስፈልገው አልነበረም። ሽማግሌው ግን በሪፖርቱ መጨረሻ ላይ «ለጥንቃቄ ሲባል በየወሩ አንድ ጊዜ መነሳት አለባቸው» ብለው ጻፉ። አቶ ጌጡ ሳያነቡ ፈረሙ። ከዚያ አነበቡትና «አንድ ጊዜ» የሚለውን ሰርዘው «ሁለት ጊዜ» አሉት።

ትርንጎ ይህን የሰማችው በማግስቱ ነው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ሥራ አልተመለሰችም። እታገኝ ክንዷን ይዛ ወደ ቤት አስገባቻት፤ ነጠላ ስላልነበራት የራሷን ጋቢ አልብሳ ሶፋው ላይ ገፋ አድርጋ አስቀመጠቻት። ራሷም ፊት ለፊቷ በርጩማ ስባ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ትርንጎ ልትስማት ብድግ አለች።

«ቁጭ በይ!» አለቻት እታገኝ። «መጀመሪያ የሰባት ዓመት ስድቤን ልጨርስ፤ ከዚያ ሰላም እንባባላለን።»